ከባንድ ወጥቶ የራስን አልበም መሥራት፦ ፒተር ገብርኤልን እየሰማሁ የመጣብኝ ጥያቄ

ከጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ሰሞኑን የፒተር ገብርኤልን አልበም እየሰማሁ ነው። «አይ/ኦ» ይባላል። ገቢና ወጪ እንደማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2023 ነው። በእኛ ኅዳር 21 ቀን 2016፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት። ያኔ እዚህ የሞባይል ዳታ አልነበረም። ስለዚህ ለሌላው የቆየ ነገር ለእኔ ገና ትኩስ ነው። አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወረደም።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰውየው እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ጄነሲስ የሚባል የሮክ ባንድ መሠረተ። ድምፃዊው እሱ ነበር። መድረክ ላይ ጭምብል እያጠለቀ፣ ተረት እያወራ ይዘፍን ነበር። በ1975 የባንዱ ስም ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ ለቀቀ። ብዙ ሰው «አበቃለት» አለ። እሱ ግን ወደ ቤቱ ገባ፣ ጓሮውን አለማ፣ ልጁን አሳደገ። የመጀመሪያውን የራሱን አልበም ያወጣው በ1977 ነው። እነሆ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ከዚህኛው በፊት አዲስ ዘፈኖች የያዘ አልበም ያወጣው በ2002 ነበር። 21 ዓመት ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ከአንድ ባንድ ጋር 11 ዓመት ሆኖኛል። የሰርግ ባንድ ነን። ከከሚሴ እስከ ወልዲያ ያልዞርንበት የለም። ከሰርግ ስንመለስ ስፒከሩ ሚኒባሱ ውስጥ ይደረደራል፤ እኛ በላዩ ተጣጥፈን እንተኛለን። ኮምቦልቻን አልፈን ሽቅብ ወደ ደሴ ስንወጣ ሹፌሩ መስኮቱን ይከፍታል። ብርዱ ሁላችንንም ይቀሰቅሰናል። እሷን ሰዓት እወዳታለሁ። ማንም አያወራም።

ስድስት የራሴ ዘፈኖች አሉኝ። ሌሊት ሌሊት በስልክና በአንዲት ትንሽ ሳውንድ ካርድ ቀዳኋቸው። የሰርግ ዘፈን አይደሉም። ከባንዱ አንድም ሰው አያውቅም። ልወጣ ነው። እንዴት እንደምነግራቸው ግን አላውቅም።

የገብርኤል የመጀመሪያ አልበም ላይ ስለዚሁ የዘፈነው አለ። ባዝ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ባለች ኮረብታ ስም የሰየመው ነው። ሰው በሌሊት ኮረብታ ላይ ቆሞ የከተማውን መብራት ቁልቁል ያያል፤ የነበረበትን ትቶ ለመሄድ ይወስናል። እኔ ያንን ዘፈን የሰማሁት ጦሳ ላይ ሆኜ ነው። ከታች የደሴ መብራት ከፒያሳ እስከ ሆጤ ተዘርግቷል። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ።

ከባንድ የወጣችሁ፣ ወይም ወጥቶባችሁ የምታውቁ፣ እስቲ ንገሩኝ።

―――

ባቲ ሰኞ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡48

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ኮረብታው ዘፈን ልበል። እሱን ዘፈን ቁጠረው። እስከ ሰባት ነው የሚሄደው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ ከዚያ እንደገና አንድ። የለመድነው አራት ወይም ስድስት ነው። ስምንተኛዋን ስትጠብቅ ትቀራለች፤ ዘፈኑ ቀድሞህ ይሄዳል። ጉዞ ላይ ያለ ሰው እግር ይመስላል። እኔ ክራር ላይ ልሞክረው ብዬ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አውራ ጣቴ በልምድ ስምንት ላይ ያርፋል። በሦስተኛው ቀን ግን ገባልኝ፤ ወላሂ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሁለተኛ ነገር። የሮክ ጊታር ለወሎ ልጅ ባዕድ አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጊታርህን አንሳና ከላ ጀምረህ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል በል። ብሉዝና ሮክ ሶሎ የሚጫወቱት በአብዛኛው በዚህች ነው። ይህች እኮ የኛዋ ባቲ ማይነር ቅኝት ናት! ቁጭ ብለህ አምስቱን አወዳድር፣ አንድም ድምፅ አይለያይም። የሚለየው አረማመዱ ነው፤ የት ላይ እንደምታርፍና እንዴት እንደምታስጌጠው። አምባሰል ግን ሌላ ናት። ከሚ ጀምረህ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብትል የምትሰማውን ፈረንጅ ጊታሪስት በቀላሉ አያገኘውም።

ስለዚህ የራስህን ስትሠራ ከየት ልጀምር ብለህ አትጨነቅ። ቤትህ ነህ።

ስለ መውጣቱ እኔ የምመክረው የለኝም። ብቻዬን ነው የምጫወተው።

―――

ሐይቅ ዳር
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

እኔ ትንሽ ልቃወም። በፍቅር ነው።

የጄነሲስ አድናቂ ነኝ። ስለ ገብርኤል ሲወራ ሁሌ «ወጥቶ ትልቅ ሆነ» ይባላል። የቀሩትስ? ባንዱ አልሞተም። ድምፃዊ ፍለጋ ብዙ ሰው ፈተኑ፤ በመጨረሻ ድራመሩ ፊል ኮሊንስ ማይክ ያዘ። ከዚያ በኋላ ገብርኤል ከነበረበት ዘመን ይልቅ ብዙ እጥፍ ሸጡ። ስለዚህ ጦሳ ግርጌ፣ አንተ ስትወጣ ባንዱ የሚፈርስ እንዳይመስልህ። ይህን ደግሞ ለክፋት አይደለም የምልህ። እንዲያውም ሸክሙን ያቀልልሃል።

ሌላው፣ የ1977ቱ የመጀመሪያ አልበም የሚባለውን ያህል አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ቦብ ኤዝሪን ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አጨቀው። አንዱ ዘፈን ኦርኬስትራ፣ አንዱ ብሉዝ፣ አንዱ አራት ሰው ተሰብስቦ በድምፅ ብቻ የሚያዜመው። ሰውየው ገና ማን እንደሆነ እየፈለገ ነው። ራሱን ያገኘው በሦስተኛው ነው፣ በ1980። የመጀመሪያዎቹ አራት አልበሞች ሁሉ ስማቸው አንድ ነው፤ «ፒተር ገብርኤል» ብቻ። እንደ መጽሔት ነበር ያያቸው፣ ስሙ አንድ፣ ወሬው ሌላ።

አዲሱንም ሰምቼዋለሁ። ረጋ ያለ ነው፣ ለእኔ ከልክ በላይ ረጋ ያለ። 21 ዓመት ያስጠበቀ ሰው ይህን ያህል ተጠንቅቆ መዝፈን አልነበረበትም። ድምፁ ግን አላረጀም። 1950 የተወለደ ሰው ነው፤ ይህ ይገርመኛል።

―――

ሚክስ ቤት
ረቡዕ፣ ቀን 7፡15

ስቱዲዮ ነው የምውለው። እኔ የማወራው ስለ ድምፁ ነው።

አዲሱን አልበም ሁለት ጊዜ ነው የምትሰሙት። 12 ዘፈን ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሚክስ አለው። አንዱን ስፓይክ ስቴንት ሠራው፣ «የብርሃን ወገን» ይባላል። ሌላውን ቻድ ብሌክ ሠራው፣ «የጨለማ ወገን» ይባላል። ቀረጻው ያው ነው። ድምፃዊው ያው ነው፣ ቤዙ ያው ነው። የሚለየው ማን ፊት ቆመ፣ ማን ኋላ ቆመ የሚለው ነው። በአንዱ ድምፁ ፊትህ ላይ ቆሞ ያናግርሃል። በሌላው ከግድግዳ ማዶ ያለ ይመስላል፣ ቤዙና ከበሮው ጎልተው ይመጣሉ። አንድ ወጥ ለሁለት ባለሙያ ሰጥቶ «ሁለታችሁም በየጣዕማችሁ አጣፍጡት» እንደማለት ነው። ተማሪ ላላችሁ፣ ከዚህ የተሻለ የሚክስ ትምህርት አላውቅም። አንድ ዘፈን መርጣችሁ ሁለቱን በጆሮ ማዳመጫ እያፈራረቃችሁ ስሙ።

አወጣጡም ልዩ ነው። ዘፈኖቹ አንድ ላይ አልወጡም። በ2023 ሙሉ ጨረቃ በወጣች ቁጥር አንድ ዘፈን ይለቀቅ ነበር። የመጀመሪያው የወጣው ጃንዋሪ 6 ነው። አስቡት፣ በእኛ ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ።

ሐይቅ ዳር፣ ስለ ሦስተኛው አልበም ያልከው ትክክል ነው። እዚያ አልበም ላይ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ድራም የመታው ማን እንደሆነ ግን አልነገርክም። ራሱ ፊል ኮሊንስ! ወንበሩን የወረሰው ሰው መጥቶ ዱላ አነሳለት። ገብርኤል «ሲምባል አልፈልግም» አለ፤ የድራሙን የብረት ሳህኖች ማለቱ ነው። ሲምባል ስለሌለ ቦታው ባዶ ሆነ። ስቱዲዮው ውስጥ ከተጫዋቾቹ ጋር ለመነጋገር ብቻ የተሰቀለ ማይክ ነበር፤ ድምፅን በኃይል የሚጨምቅ። ኮሊንስ ሲመታ በዚያ ማይክ ገባ። ኢንጂነሩ ሂው ፓድጋም ያንን ያዘና የሚያስተጋባውን ጭራ በጌት፣ ድምፅ ሲዳከም ዝም በሚያሰኝ መሣሪያ፣ ቆረጠው። ዱም! ይልና ድንገት ዝም። የሰማንያዎቹ ድራም ሁሉ ከዚያ ወጣ። ከሁለት የቀድሞ ባልደረቦች ክፍል።

ጦሳ ግርጌ፣ ትራኮችህን ላክልኝ። ዋጋ አናወራም መጀመሪያ።

―――

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ማታ 2፡05

ሁላችሁም ስለ ሙዚቃው አወራችሁ። ሰውየው ለምን እንደወጣ ግን ማንም አላነሳም።

በ1974 የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ አስቸጋሪ ወሊድ ነበር። ሕፃኗ ሳምንታት ሆስፒታል ቆየች። እሱ በሆስፒታሉና በቀረጻው መካከል ይመላለሳል። ባንዱ ደግሞ ሥራ አለበት፤ አልበም ሊጨርሱ ነው፤ ጉዞው ተይዟል። ጓደኞቹ ያኔ ሁሉም ወላጅ አልነበሩም፤ አልገባቸውም። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ያልደረሰበት አይገባውም።

እኔ ድምፃዊት ነኝ። ልጄ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሳለች ትኩሳት ያዛት። እኔ ሐርቡ ሰርግ ላይ ነበርኩ። እናቴ ስልክ ትደውላለች፤ ስልኩ በቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ከኪቦርዱ ስር። ሙሽሮቹን እያስገባሁ ነው። ሲያርፉ አነሳሁት። 14 ያመለጠ ጥሪ። ለመሪያችን «ልሂድ» አልኩት። «ሁለት ዘፈን ጨርሺ» አለኝ። ሁለቱንም ዘፈንኩ። እየሳቅሁ ነው የዘፈንኩት፤ ሰርግ ነዋ። ልጄ አልሐምዱሊላህ ዳነች። ያቺን «ሁለት ዘፈን ጨርሺ» ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በሦስተኛው ወር ወጣሁ።

ስወጣ ጥፋት የሠራሁት ግን እኔም ነኝ። ለማንም ሳልነግር ቀረሁ። ቅዳሜ ሥራ አለ፤ አልሄድኩም። ቤዝ ተጫዋቹ በሴት ድምፅ የሚዘፈነውን ሁሉ ሲዘፍን አመሸ አሉ። እሱ ምን በደለኝ? ይህን ያህል ዓመት አልፎም ሳገኘው አንገቴን እደፋለሁ።

ወንድምዓለም፣ ዘፈንህ ይቆይ። ከዘፈኑ በፊት ንገራቸው። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ።

―――

ወልዲያ መናኸሪያ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

ቦርከና እህቴ፣ አስለቀስሽኝ። ለቤዝ ተጫዋቹ ዛሬውኑ ደውዪለት።

―――

የድሮው ኪነት
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ የልጅ ልጄ ፊደሉን ታግዘኛለች።

በወጣትነቴ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ቀበሌና አውራጃ ኪነት ነበረው። የእኛ ትንሽ ነበረ። ትልቁ የወሎ ላሊበላ ኪነት ነው፤ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች የአምባሰል ንግሥት የነበረችበት። እኛ እነሱን ለማየት ግድግዳ ላይ እንንጠለጠል ነበር።

ፊል ኮሊንስ የሚለውን ስም ስታነሱ ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የእንግሊዞች ቴሌቪዥን ኮረምን አሳየ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ባቲም መጠለያ ነበረባት። ያን ጊዜ የነበረ ሰው ስለዚያ ብዙ አያወራም፤ እኔም አላወራም። በወሩ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ለንደን ተሰብስበው ለእርዳታ አንድ ዘፈን ቀረጹ። ድራሙን የመታው ፊል ኮሊንስ ነው። ሐምሌ 6 ቀን በተደረገው ኮንሰርት ደግሞ ለንደን ተጫውቶ፣ በአውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በዚያው ቀን ፊላደልፊያ ተጫወተ። አላህም እግዚአብሔርም ይስጠው። ስንዴው ደርሶናል።

ግን አንድ ነገር ዘላለም ያንገበግበኛል። የዓለም ሮክ ሙዚቀኛ ሁሉ የወሎን ስም ያወቀው በረሃብ ነው። እኛ እኮ ሙዚቀኞች ነበርን። ባቲ ለእነሱ መጠለያ ናት፤ ለእኛ ቅኝት ናት። አምባሰል ተራራም ቅኝትም ነው። አንቺሆዬ ለእኔ የላስታ ናት። ቅኝቶች በአገሩ ስም የሚጠሩበት ሕዝብ፣ የበላውን እንጂ የዘፈነውን የጠየቀው የለም። የባቲው ልጅ የሮክ ጊታር ባቲ ማይነር ነው ሲል ያነበብኩት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስት ጊዜ። እናንተ ይህን ስትሠሩ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ መውጣት የጠየቅኸኝን ልመልስ። ከእኛ መካከል የወጡ ነበሩ። አንዱ ማሲንቆ ተጫዋች ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከእያንዳንዳችን ቤት እየዞረ ተሰናበተ። ቡና ጠጣ፣ ተመረቀ። በሬዲዮ ስንሰማው «የኛ ልጅ» እያልን ሰፈሩን እንጠራ ነበር። ሌላው ሌሊት ሄደ። እሱም ጎበዝ ነበር፤ ምናልባትም የበለጠ ጎበዝ። ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ግን ሰው ዝም ይላል። ዘፈኑ አይደለም የጎደለው።

―――

ከጦሳ ግርጌ
ሐሙስ፣ ቀን 6፡20

ጋሼ፣ እጅዎን እስማለሁ። ምን እንደምልዎት አላውቅም። የልጅ ልጅዎንም አመስግኑልኝ።

እርስዎ ያሉትን ሳነብ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ገብርኤል በ1982 ዎማድ የሚባል ፌስቲቫል ጀመረ። ከመላው ዓለም፣ ከአፍሪካም ከእስያም ሙዚቀኛ ጠርቶ። በዚያ ጊዜ ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም ነበር። ሐሳቡ ሸጋ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። ኪሳራው ከባድ ነበር። ገንዘባቸውን የሚጠይቁ ሰዎች ሰውየውን ያዙት። ያኔ ማን ደረሰለት? የድሮዎቹ። ጄነሲሶችን ትቷቸው ከሄደ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ኦክቶበር 2 ቀን 1982 ሚልተን ኪንስ በሚባል ቦታ አንድ ኮንሰርት አብረውት ሠሩ። ዝናብ ይወርዳል። ሰው በጭቃ ላይ ቆሞ ያያል። እሱም ባንዱን ትቶ የሄደው ጊታሪስት ስቲቭ ሃኬት መጨረሻ ላይ መጥቶ ተቀላቀለ። ገቢው ለዕዳው ዋለ።

ጅጌ ማለት ይህ ነው። አዝመራው ዝናብ ሊበላው ሲል ሰው ተጠራርቶ እንደሚያጭድለት። ጅጌ የሚወጡልህ ደግሞ አንተም ስትወጣላቸው ከነበረ ነው።

ለምን ወጡለት ብዬ ሳስብ አወጣጡን አየሁት። መውጣቱን ለጓደኞቹ የነገራቸው በ1974 መጨረሻ፣ ጉዞው ገና ሲጀመር ነው። ግን ጥሎ አልሄደም። መቶ ያህል ኮንሰርት ነበረባቸው። እስከ ሜይ 1975 ድረስ ከእነሱ ጋር ዘፍኖ ጨረሰ። እያወቁ፣ አብረው፣ በየከተማው። ከባድ ነበር ይባላል። ግን ዕዳ አልተወም።

ቦርከና እህቴ፣ ልክ ነሽ። ከሌላ ሰው እንዲሰሙ አላደርግም። ዛሬ ማታ ልምምድ አለን።

―――

ባቲ ሰኞ
ሐሙስ፣ ቀን 8፡00

አብሽር! ዱአ እናደርግልሃለን።

ጋሼ ስላሉት አንድ ነገር ልጨምር፤ ስንዴ ብቻ አይደለም ያገናኘን። ያው ገብርኤል በ1989 ሪል ወርልድ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋመ። በ2008 ዳብ ኮሎሰስ የተባለ ስብስብ አዲስ አበባ ላይ የተጸነሰ አልበም በዚያ ቤት አወጣ። ኒክ ፔጅ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ያቀነባበረው። ጸደንያ ገብረማርቆስ ዘፍናበታለች፣ ማሲንቆ አለበት። ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋም እዚያ ነበር፤ በ2012 «ጉዞ» የሚለውን የራሱን አልበም በዚሁ ቤት አሳተመ። እሱም ከስብስብ ተነሥቶ በራሱ ስም ነው የመጣው። ስለዚህ ገብርኤል ከባንዱ ባይወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ በር ላይከፈት ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ጨረቃው ደግሞ፣ አያቴ እዚህ ባቲ ካሌንደር አታይም። ጨረቃዋን አይታ «ዛሬ አሥራ አራት ናት» ትልሃለች። ለእሷ «አንድ ፈረንጅ ጨረቃ በሞላች ቁጥር አንድ ዘፈን ያወጣል» ብዬ ነገርኳት። «ደግ አደረገ፤ ሰው በብርሃን ይሰማዋል» አለች።

―――

ሐይቅ ዳር
ሐሙስ፣ ማታ 12፡50

ትናንት ማታ አዲሱን አልበም እንደገና ሰማሁት። ሚክስ ቤት እንዳለው፣ የጨለማውን ወገን። ለእናቱ የዘፈነው አለ፤ ካረፈች በኋላ። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል አንድ መብራት ብቻ ይታያል። እናቴን ያጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። ረጋ ማለቱን ትናንት ጠላሁት ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዘፈን ላይ ግን ቢቸኩል ይቅር አልለውም ነበር።

በቀሩት ላይ ሐሳቤን አልለወጥኩም። ሁለት ሦስት ዘፈን ቢቀነስ ይሻል ነበር።

ጦሳ ግርጌ፣ ምን ሆነ?

―――

ከጦሳ ግርጌ
ሐሙስ፣ ሌሊት 5፡40

አሁን ገና ገባሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የልምምድ ክፍላችንን ባያችሁት። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈናል፤ ግማሹ ተልጧል። መሬቱ ላይ ያለው ምንጣፍ የድራመራችን እናት የሰጡን ነው። በ2014ቱ ጦርነት ዕቃችን ሁሉ ሲጠፋ የተረፈው ያ ምንጣፍ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥተን፣ ብር እያዋጣን፣ አንድ አንድ እያልን ነው መልሰን የገዛነው። ምንጣፉን እያየሁ አፌ እምቢ አለኝ። ሦስት ዘፈን ተለማመድን። ከዚያ ገመዴን ነቀልኩና ነገርኳቸው።

ኪቦርዲስቱ «አውቀን ነበር» አለ። እንዴት ቢባል፣ ሁለት ወር ሙሉ በእረፍት ሰዓት ስጫወት የነበረችውን አንዲት ነገር ሰምተዋታል። የሰርግ አይደለችም አሉ። መሪያችን ተቆጣ። «ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሥራዎችስ?» አለ። «እስከ ሰኔ መጨረሻ ያለውን ሁሉ ጨርሼ ነው የምወጣው፤ የሚተካኝንም አለማምዳለሁ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲያው ቁጭ በል» አለኝና ቡና አዘዘ። አቦሉ አለፈ፣ ቶናው አለፈ። ብዙም አልተወራም። በረካው ላይ «አሰማን» አሉ።

በስልክ ነው ያሰማኋቸው። ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት፣ ድምፁ እንዲሰፋ። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ድራመራችን አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሰማው። 11 ዓመት ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ነው። እኔ ወደ ኋላ ሳላይ መቼ እንደሚመታ አውቃለሁ። ቀና አለና «ድራሙን ማን መታው?» አለኝ።

«ማሽን ነው» አልኩት።

«አጥፋዋ። እኔ እመታዋለሁ» አለ።

―――

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ሐሙስ፣ ሌሊት 5፡52

ያ አላህ! ነጋሪት ይመታልህ!

እኔም ዛሬ ደወልኩለት። ለቤዝ ተጫዋቹ። 40 ደቂቃ አወራን። ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደገባች ጠየቀኝ።

―――

ሚክስ ቤት
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡10

ቅዳሜ ሳምንት ስቱዲዮው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነፃ ነው። ድራመሩ የራሱን ስኔር ይዞ ይምጣ፣ የእኛው ቆዳ ላልቷል። ሲምባሎቹን ሁሉ ያምጣ። መቀነስ ካስፈለገ እዚያው እናነሳቸዋለን።

―――

የድሮው ኪነት
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡35

ስቱዲዮው የት ሰፈር ነው? ደረጃ አለው? ጉልበቴ ብዙ አይወጣም። ከበር ሆኜም ቢሆን መስማት እፈልጋለሁ።

―――

ከጦሳ ግርጌ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡41

ደረጃ የለውም ጋሼ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፣ ምድር ቤት። እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ። አኮርዲዮኑ አሁንም አለ?